ጎበዙ ልጅ ለምን መጻፍ አቃተው?

(በአንድ የአዲስ አበባ መጽሔት ዝግጅት ክፍል የተደረገ ምልልስ ነው። የኔታ ብዙ ዘመን ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው አሁን የመጽሔቱን ግእዝ ያርማሉ። አርታኢዋ ከውጭ የሚላኩ ጽሑፎችን ትመርጣለች።)

አርታኢዋ፦ የኔታ፣ ግእዙ ይቆየንና ይቺን ወረቀት አንዴ ይዩልኝ። የጻፈው ልጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ደረጃውን ለሰው ሰጥቶ አያውቅም። ትምህርት ቤት ሳለ ስሙን የሚጠራው አልነበረም አሉ፤ «ቀለሜው» ነበር የሚባለው። አነጋግሬዋለሁ። ገና ጥያቄዬን ሳልጨርስ መልሱን ይዞ ይጠብቀኛል። ጽሑፉ ግን ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ጣለኝ።

የኔታ፦ ሦስተኛው ድረስ ከዘለቅሽ ትዕግሥተኛ ነሽ። እኔ ሁለተኛው ላይ ነው የቀረሁት። «ከላይ እንደተረጋገጠው» ይላል። ከላይ ምን እንደተረጋገጠ ብፈልግ አጣሁ።

አርታኢዋ፦ እሱ ልብ ውስጥ ተረጋግጧላ! አሁን አሁን ምን ማሰብ እንደጀመርኩ ልንገርዎት? ብልህነትና ጽሑፍ የማይዋደዱ ይመስለኛል። ከሚደርሰኝ ሁሉ በጣም የሚያታክተኝ የጎበዞቹ ነው። መካከለኛ ተማሪ የነበረው ግን እያስረዳ፣ እየደጋገመ፣ እጄን ይዞ ያደርሰኛል።

የኔታ፦ አትቸኩዪ ልጄ። ሰነፉም ጽፎ ያታክትሻል፤ እሱን ግን ከመጀመሪያው መስመር ስለምትጥዪው አይታወስሽም። የጎበዙ ይቆጭሻል፣ ስለዚህም ታስታውሽዋለሽ።

አርታኢዋ፦ ይሁን፤ የእኔን ጠረጴዛ እንተወው። እ.ኤ.አ. በ1921 ሉዊስ ተርማን የሚባል የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር ከካሊፎርኒያ ትምህርት ቤቶች 1,500 ገደማ ልጆች መረጠ። በአእምሮ ፈተናው 140 አካባቢና ከዚያ በላይ ያመጡትን ማለት ነው። እስኪሸመግሉ ድረስ ሊከታተላቸው ተነሣ። የመጪው ዘመን ታላላቅ ሰዎች ከእነዚህ መካከል ይወጣሉ የሚል እምነት ነበረው።

የኔታ፦ ወጡለት?

አርታኢዋ፦ ሐኪም ወጣ፣ ጠበቃ ወጣ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ወጣ። ኑሯቸውም ያማረ ሆነ፤ በዚህ ተርማን አልተሳሳተም። አርባ ዓመት ገደማ ሲሞላቸው የወንዶቹን ሥራ ቆጠረ። ስምንት መቶ ያህሉ 67 መጻሕፍት አሳትመዋል፤ 21ዱ ልቦለድ ናቸው። ከሁለት መቶ በላይ አጫጭር ልቦለድና ተውኔትም ጽፈዋል።

የኔታ፦ ታዲያ ምን ጎደለ? እንዲህ የሚጽፍ ቤተሰብ ከየት ይገኛል?

አርታኢዋ፦ ብዛቱማ አለ። ከእነዚያ ልቦለዶች መካከል ትውልድ የተሻገረ፣ ሰው ለልጁ የሚያወርሰው ግን የቱ ነው? ከቡድኑ በጣም ከታወቁት ጸሐፊዎች አንዱ ጄስ ኦፐንሃይመር ነው፤ «አይ ላቭ ሉሲ» የተባለውን የአሜሪካ ቴሌቪዥን አስቂኝ ድራማ የፈጠረ ሰው። የሚያስቀው ደግሞ፣ ተፈትነው ነጥባቸው አልሞላም ከተባሉት ልጆች ሁለቱ፣ ዊልያም ሾክሌይ በ1956፣ ልዊስ አልቫሬዝ በ1968፣ በፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ። ከተመረጡት ውስጥ ግን አንድም ኖቤል የወሰደ የለም።

የኔታ፦ ያ የድራማ ሰው «ቢሆን ቢሆን ቀልደኛ ወጣ» ተብሎ መታለፉ ደስ አላለኝም። ሰው ማሳቅ ማለት እኮ አድማጩ የቱ ቃል ላይ ሲደርስ እንደሚስቅ አስቀድሞ ማወቅ ነው። አንዲት ቃል ብትቀድም ወይ ብትዘገይ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። አለቃ ገብረ ሐናን አስቢ። ስንት የተማረ ሊቅ ነበር በዘመኑ፤ ሕዝቡ ከመቶ ዓመት በኋላ በቃሉ የያዘው ግን የእሳቸውን ንግግር ነው። ለማን እንደሚናገሩ ያውቁ ነበር። ለመሆኑ ይህ ፈተና የሚጠይቀው ምንድን ነው?

አርታኢዋ፦ የቃል ፍቺ፣ የቁጥር ቅደም ተከተል፣ የጎደለውን ሥዕል መፈለግ፣ ሰምቶ መድገም፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። መጀመሪያውኑ ለሊቅ ፍለጋ አልነበረም። አልፍሬድ ቢኔ ከባልደረባው ከሲሞን ጋር በ1905 ፓሪስ ላይ ሲያዘጋጀው፣ በመደበኛው ክፍል መከተል ያቃታቸውን ልጆች ለይቶ ለመርዳት ነበር። ውጤቱ የልጁ የማይለወጥ ልክ ተደርጎ እንዳይታይም አስጠንቅቋል። አሜሪካ ሲሻገር ነው ዘውድ ማደያ የሆነው። እንዲያውም ካትሪን ኮክስ የምትባል የተርማን ተማሪ በ1926 ሦስት መቶ አንድ የሞቱ ታላላቅ ሰዎችን ነጥብ ሰጠቻቸው።

የኔታ፦ ሙታንን ፈተነች?

አርታኢዋ፦ ስለ ልጅነታቸው የተጻፈውን እየሰበሰበች ገመተች። ለዶን ኪኾቴው ደራሲ ለሰርቫንቴስ በመጀመሪያው ግምት 105 ደረሰው። ሼክስፒርን ደግሞ ስለ ልጅነቱ በቂ ነገር አልተጻፈም ብላ ከነጭራሹ ተወችው።

የኔታ፦ (እየሳቁ) የድኻ ልጅ ከሆንሽ፣ አባትሽም ማስታወሻ የማይዝ ከሆነ፣ አእምሮሽ አነሰ ማለት ነው! የለካችው እኮ መዝገቡን ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ አንድ ሚዛን አልነበረም። ንባብ ቤት አለ፣ ዜማ ቤት አለ፣ ቅኔ ቤት አለ፣ መጻሕፍት ቤት አለ። ድጓውን ከዳር እስከ ዳር የሚያዜም ልጅ ቅኔ ቤት ገብቶ ሁለት ቤት የሆነችውን ጉባኤ ቃና መቁጠር ሲያቅተው አይቻለሁ። «ሞኝ ነው» ያለው ሰው የለም። «ቀለሙ ዜማ ነው» ተባለ፣ ወደ ዜማው ተመለሰ፣ ታላቅ መሪጌታ ሆነ።

አርታኢዋ፦ አብሾውስ? የቅኔ ተማሪ አእምሮው እንዲበራ አብሾ ይጠጣል ይባል የለም?

የኔታ፦ ይባላል፤ የጠጣም አለ። መርዝ ነው፣ ስንቱን ልጅ አሳብዷል። ሰው ግን ለምን ጠጣው ብለሽ ጠይቂ። ብልህነት ከውጭ የሚፈስ ነገር መስሎት ነው። ደግሞ ይዟል ቢባል እንኳ የሚባለው «የሰማውን አይረሳም» ነው። አለመርሳት ቅኔ አይቆጥርም። የዘንድሮ ተማሪ ሸምዳጅ የሚለው ዓይነት ነው።

አርታኢዋ፦ አሁን ደግሞ የያሬድን ትል ሊያመጡብኝ ነው፤ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ዛፉ ላይ የወጣውን። ወላጅ ሁሉ ልጁ ፈተና ሲወድቅ የሚተርክለት።

የኔታ፦ አላመጣውም፤ ሰልችቶኛል። ግን ሁላችሁም ግማሹን ብቻ ነው የምትተርኩት። ስንክሳሩ በትሉ አያበቃም። ያሬድ በትሉ ተመክሮ ወደ መምህሩ ተመልሶ ተማረ፤ ዜማው ግን ከትሉ አልመጣም። ከኤደን ገነት ሦስት አዕዋፍ ተልከው በሰው አንደበት ተናግረውት፣ ወደ ሰማይ ወጥቶ ከሃያ አራቱ ካህናት ሰማው ነው የሚለው። ትሉንም አዕዋፉንም በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው እንጂ አንዱን በአንዱ አልሻሩትም። እናንተ አዕዋፉን ጥላችሁ ትሉን አስቀራችሁ፤ ያ ተርማን ደግሞ ትሉን ጥሎ አዕዋፉን ብቻ ሊቆጥር ሄደ።

አርታኢዋ፦ ይህን እጽፈዋለሁ። ግን የእኔን ልጅ አልፈቱልኝም። ተሰጥኦ አለው፣ ሥራም ያውቃል፤ ሌሊቱን ሙሉ ያነባል። ለምን አይነበብም?

የኔታ፦ አንቺ ምን ትያለሽ?

አርታኢዋ፦ አንድ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990፣ እዚያው ስታንፎርድ፣ ኤልዛቤት ኒውተን የምትባል ተማሪ ሰዎችን ሁለት ሁለት አድርጋ አስቀመጠች። አንደኛው ሁሉ የሚያውቀውን ዘፈን ምት በጣቱ ጠረጴዛ ላይ ይመታል፣ ሌላው የየቱ ዘፈን እንደሆነ ይገምታል። መቺዎቹ «ግማሹን ያህል ያውቁታል» ብለው ገመቱ። ከ120 ዘፈን የታወቀው ሦስት ብቻ ነው።

የኔታ፦ ሦስት!

አርታኢዋ፦ መቺው እኮ ሲመታ ዜማው ከነግጥሙ ጆሮው ውስጥ ይዘፈናል። ሰሚው ዘንድ የሚደርሰው ግን ኳ ኳ ብቻ ነው። መቺው «እንዴት ይህ አይገባውም!» ብሎ ይናደዳል። የእኔ ቀለሜ ይኸው ነው። «ከላይ እንደተረጋገጠው» ሲል ዜማው ይሰማዋል። ፈጣን በሆነ መጠን ደግሞ ይብስበታል፤ ነገሩ ሲገባው ምን ምን ላይ ረግጦ እንዳለፈ አያስታውስም። በዝግታ የተረዳ ሰው መንገዱን ያውቀዋል፤ የቱ ላይ እንዳደናቀፈው ስለማይረሳ እኔንም እዚያ ላይ ይጠብቀኛል።

የኔታ፦ ይህ ነገር ልክ ነው። እኔ ቅኔ ሳስተምር ከሁሉ የሚከብደኝ የነበረው፣ በልጅነቴ ያልከበደኝን አገባብ ማስረዳት ነው። የከበደኝን በደንብ አስተምራለሁ።

አርታኢዋ፦ አይቆጡኝና፣ ጥፋቱ ግማሹ የቅኔ ቤት አይደለም? አንድ ነገር ሸሽጎ መናገር እንደ ትልቅ ብልህነት ሲከበር የኖረበት አገር ነው። ውስጠ ወይራ፣ ኅብር፣ ሰምና ወርቅ። ግልጽ የጻፈ ሰው «ተራ ነው» ይባላል። ያልገባን ነገር ሲሆን «ጥልቅ ነው» እንላለን። ልጁ ከዚያ ነው የወረሰው።

የኔታ፦ (ቀና ብለው) ቅኔን ያላየ ሰው የሚለው ይህን ነው። ስሚኝ። ቅኔ ስንት ጊዜ ነው የሚባለው?

አርታኢዋ፦ አንድ ጊዜ።

የኔታ፦ አንድ ጊዜ! ለዚያ ቀን በዓል፣ ለዚያ ጉባኤ ተቆጥሮ፣ ተብሎ ያልቃል። እንደ መጽሐፍ ገጽ መልሰሽ አታነቢውም። የነገው ሌላ ነው፤ የትናንቱን የደገመ ይናቃል። እንግዲህ ቆሞ የሚሰማው ሊቅ በዚያች ቅጽበት ሰሙን መያዝ አለበት፤ ሰሙን ካልያዘ ወርቁን በምን ያገኘዋል? ተማሪ ደበሎውን ለብሶ ሜዳ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ከዚያ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። ብዙውን ጊዜ የሚጣልበት ወርቁ አንሶ አይደለም። ወርቅማ ሁሉም ሞልቶታል፣ በተለይ ጎበዙ። «ሰሙ አልቆመም» ነው የሚባለው። ውጭው እንደ ተራ ነገር፣ እንደ አንድ የእርሻ ወይም የጦር ወሬ ጥርት ብሎ ካልቆመ፣ ውስጡ ዕንቁ ቢሆን አይቆጠርለትም። አንቺ የምትከሺው ሰም የሌለው ወርቅ ነው፤ እሱ ቅኔ አይባልም።

አርታኢዋ፦ ይህን ያህል ይጣልበታል?

የኔታ፦ በየቀኑ እንጂ! ያ ነው እኮ ትምህርቱ። ልጅሽ አሥራ ሁለት ዓመት ተምሯል፤ አንድ ቀን እንኳ የጻፈው ነገር ፊቱ ላይ ለሰው ሳይገባ ቀርቶ ያየ ይመስልሻል? ጽሑፉን መምህሩ ያነባል። መምህሩ ደግሞ መልሱን ያውቃል። ለሚያውቅ ሰው ሲጽፍ ነው ያደገው። «ማወቅህን አሳይ» እንጂ «አሳውቅ» አልተባለም። ነጥቡን ያመጣለት ነገር አንቺ ዘንድ ሲመጣ ጣለው።

አርታኢዋ፦ ፈተና ያሳደገው ጽሑፍ።

የኔታ፦ ደግሞ ያ የቅኔ ሊቅ ራሱ መጻሕፍት ቤት ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቺ። አንድምታውን አንብበሽ የለ? ያ ሁሉ ሊቅ፣ ንባቡን ካለ በኋላ፣ በአማርኛ፣ እረኛም በሚሰማው አማርኛ ይተረጉማል። አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው፣ ይልሻል። ታሪክ ያመጣል፣ ምሳሌ ያመጣል፣ «ይህስ እንዴት ይሆናል ቢሉ» ብሎ በሰሚው ቦታ ሆኖ ራሱ ይጠይቃል። በቅኔው የሸሸገ ያው አእምሮ በትርጓሜው ይገልጣል። ብልህነቱ አልተለወጠም፤ ፊቱ የተቀመጠው ሰው ነው የተለወጠው።

አርታኢዋ፦ «ቢሉ» ማለት... እዚያ ውስጥ አንባቢው አለ።

የኔታ፦ ቁጭ ብሎ እየጠየቀ ነዋ።

አርታኢዋ፦ ሐዲስ ዓለማየሁ ትዝ አሉኝ። እሳቸው የቅኔ ቤት ልጅ ናቸው፤ ጎጃም ቅኔ ተምረው ነው ወደ ዘመናዊው የመጡት። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲወጣ ግን አንባቢውን የሚያስጨንቅ አንድ ገጽ የለውም። በኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ሥራ ፈትተው ይሰሙት ነበር። የኔታ፣ አሁን አንድ ነገር ታየኝ። ጉዱ ካሳን ያስቡት።

የኔታ፦ ካሳ ዳምጤ። እብድ ያሉት።

አርታኢዋ፦ መጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ ብልህ እሱ ነው። ጌታና ገባር የሚባለው ሥርዓት እንዴት እንደሚፈርስ ያያል፣ ይናገራልም። የሚሰማው ግን ከሁለት ሦስት ሰው አይበልጥም፤ አገሩ «ጉዱ» ብሎ ሳቀበት። ሐዲስ ያንኑ የካሳን ሐሳብ፣ አንድ ሳይቀንሱ፣ በሰብለ ወንጌልና በበዛብህ ፍቅር ውስጥ አድርገው ለአገር ሁሉ አሰሙት። የመጽሐፉን ባላባት የፊታውራሪ መሸሻን ዓይነት ሰው እንኳ ሳይቀር አንብቦት አልቅሷል ብዬ እገምታለሁ። ካሳና ሐዲስ በብልህነት እኩል ናቸው እንበል። አንዱ ተናጋሪ ሆኖ ቀረ፤ ሌላው ደራሲ ሆነ።

የኔታ፦ መልካም አልሽ። ካሳ ደግሞ ትንሽ ይደሰትበት ነበር፣ አለመሰማቱን። ብልህ ሰው ያቺ ክፉ ደስታ ታታልለዋለች። «አልገባቸውም» ማለት «ከእነሱ እበልጣለሁ» ማለት ይመስለዋል።

አርታኢዋ፦ እዚህ ላይ ግን ራሴን ልቃወም። ዳኛቸው ወርቁስ? «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ አንባቢው ሸሸው። ዛሬም ብዙ ሰው ጀምሮ ይተወዋል። እኔ ግን አልተውኩትም። ንግግሩ ይከብዳል፣ ቃሉ ከየአውራጃው ተለቅሞ የመጣ ነው፣ ታሪኩ በቀጥታ አይሄድም። ሆኖም በአማርኛ እንደዚያ ያለ መጽሐፍ ሌላ አላየሁም። እርስዎ ባሉት ሚዛን ሰሙ ያልቆመ ተብሎ ሊጣል ነው?

የኔታ፦ እኔ አንብቤ አልጨረስኩትም።

አርታኢዋ፦ ይኸው!

የኔታ፦ ስላልጨረስኩት አልፈርድበትም። ግን ሰውዬው አንባቢን የማያውቅ ነበር?

አርታኢዋ፦ እንዴት አያውቅም? ኋላ በ1977 ዓ.ም. «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ»ን ያሳተመ እሱ ራሱ ነው። ግልጽ አድርጎ መጻፍ ምን እንደሆነ ለሌላው እስከማስተማር ያውቃል። «አደፍርስ»ን ያከበደው አስቦበት ነው። አንባቢው ትንሽ ተንጠራርቶ እንዲደርስበት ፈልጓል።

የኔታ፦ እንግዲያ ከልጅሽ ጋር አንድ ላይ አታስሪው። እያወቀ የሚያስቸግር ሰውና ማስቸገሩን ያላወቀ ሰው ለየቅል ናቸው። ዳኛቸው በሩን ሲያጠብ የበሩን ስፋት ለክቶ ነው። ልጅሽ በር መኖሩንም ያሰበ አይመስለኝም።

አርታኢዋ፦ አንባቢው ግን ሁለቱንም ይተዋቸዋል።

የኔታ፦ ይተዋቸዋል። ያንን አልክድሽም።

አርታኢዋ፦ እና ብልህነት ለጽሑፍ የሚጠቅመው የት ላይ ነው? ለማግኘት ከሆነ ልጁ አግኝቷል። እኔ እንደሚመስለኝ ከጻፈ በኋላ ነው። የራሱን ወረቀት እንደ ባዕድ ወረቀት አንሥቶ፣ «ይህን የማላውቅ ሰው ብሆን የት ላይ እቆማለሁ?» ብሎ ማየት። ያ ከባድ አእምሮ ይጠይቃል። ራስን ለጊዜው አላዋቂ ማድረግ ነው። የአእምሮ ፈተና ላይ ይህን የሚጠይቅ ጥያቄ አይቼ አላውቅም።

የኔታ፦ እኛ እንጠይቀው ነበር፤ ፈተና ብለን ባንጠራውም። አንድ ልጅ ጎበዝ ይሁን አይሁን ለማወቅ የራሱን ቅኔ አልሰማም። ጓደኛው የቆጠረውን አሰማውና «ፍታው» እለዋለሁ። ሰሙን ያሳያል፣ ወርቁን ያወጣል፣ «እዚህች ላይ ሳትሰምር ቀርታለች፣ ይህን ሊል ፈልጎ ነው» ይላል። የሌላውን ሐሳብ ገብቶ ያየ ልጅ የራሱንም ወጥቶ ያያል።

አርታኢዋ፦ ያማ የእኔ ሥራ ነው! አርታኢ ነበራችኋ።

የኔታ፦ እንዲያውም ለልጅሽ ይህን አድርጊለት። ጽሑፉን አትመልሺለት፤ የሌላ ሰው መጥፎ ጽሑፍ ስጪውና አርመህ አምጣ በይው። እዚያ ላይ ይነቃል።

አርታኢዋ፦ በእርስዎ ጉባኤ፣ በደንብ የሚፈታው ሁልጊዜ በደንብ የሚቆጥረውም ነበር?

የኔታ፦ (ጥቂት ቆይተው) አይደለም። እውነቱን ከጠየቅሽኝ አይደለም። አንድ ልጅ ነበረኝ። መወድስ ሲቀኝ፣ ስምንቱን ቤት፣ ሽማግሌ ሊቃውንት ከወንበራቸው ይነሡለታል። ሰሙ ጥርት ያለ፣ ወርቁ የሚያስደነግጥ። ፍታው ሲሉት ግን የገዛ ራሱን ቅኔ መፍታት ያቅተዋል። «እንዲሁ መጣልኝ» ይላል። የጓደኛውንማ አልጠይቀውም ነበር።

አርታኢዋ፦ ታዲያ እስከ አሁን የተባባልነው ሁሉ ምን ሊሆን ነው?

የኔታ፦ እሱን አይጨምርም። ለሌላው ይሠራል።

አርታኢዋ፦ ባለ ተሰጥኦ የሚባለው እንደሱ ያለው ነዋ።

የኔታ፦ ይሆናል። መምህር ልናደርገው ሞክረን አልሆነም፤ ተማሪዎቹ አለቀሱ።

አርታኢዋ፦ ጽፎ ቢልክልኝ ግን አንዲት ቃል ሳልነካ አወጣለት ነበር።

የኔታ፦ አይልክልሽም። መጻፍ አይወድም።